ዘይት ስለ ተቀባው ወረቀት መብሻና ኅዳግ ስለሌለው ካርድ

ለክቡር አቶ ጉልላት
የጥጥ እርሻው የሒሳብና የሠራተኞች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዋሽ ጣቢያ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከድሬዳዋ በባቡር የመጣው የሒሳብ መኪናዎና ጠረጴዛዎ ላይ የምትሽከረከረው ማራገቢያ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከጉልበቴ፣ ከጥርሴና ከሰሞኑ እንቅልፌ በቀር ደኅና ነኝ።

በመቀጠል ለአዋሽ ጣቢያ ነዋሪዎች፣ ለመንገደኞችና ይህን ጽሑፍ ቆመው ለሚያነቡ ሁሉ የሚከተለውን ታላቅ ዜና በአክብሮት አበሥራለሁ። የጽሕፈት ቤቱ ወረቀት መብሻ ትናንት ረቡዕ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘይት ተቀብቷል። ዘይቱን የቀባው ልብስ ሰፊው አስፋው ሲሆን፣ ዘይቱም የራሱ የስፌት መኪና ዘይት ነው። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ዘበኛው፣ ሁለት ጸሐፊዎችና አንዲት ፍየል ተገኝተዋል፤ ፍየሏ እስከ መጨረሻው አልቆየችም። ቀድሞ ካርድ በነከሰ ቁጥር ሲጢጥ እያለ ሰፈር ያስደነግጥ የነበረው መብሻ፣ አሁን መልካም ጤንነት ላይ ይገኛል፤ ድምፅም የለውም። ድምፅ የለውም ያልኩትን እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ። ከእንግዲህ የሰው ካርድ ሲበሳ ከመስኮቱ ውጭ የቆመው ባለ ካርድ አይሰማም ማለት ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት ነው።

ማን እንደሆንኩ ካላስታወሱኝ፣ ከጣቢያው አጥር ሥር ሻይ የማፈላውና ስኳር የምሸጠው ቃሲም ነኝ። ከባቲ መጥቼ እዚህ ከሰፈርኩ በኋላ የጣቢያው ግድግዳ ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል፤ እኔን ግን ማንም አልቀባኝም። እርስዎ ሻይዎን ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት፤ ስለዚህ ብዙ አንተዋወቅም።

የአዲስ ነገር ጠላት ነው እንዳይሉኝ አስቀድሜ ልመስክር። የሒሳብ መኪናው ከሳጥን የወጣ ዕለት አፍንጫዬን መስኮትዎ ላይ ለጥፌ ካዩት ሰዎች የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ፤ የአፍንጫዬ ምልክት እስከ ትናንት ድረስ መስታወቱ ላይ ነበረ። ከእርስዎ በፊት አሥራ አንድ ዓመት መዝገብ የያዙት አቶ በለጠ የወሩን ሥራ ደምረው ለመጨረስ ሦስት ቀን ይፈጅባቸው ነበር። ያ መኪና ግን እጀታውን ክርር አድርገው ሲጎትቱት ከምሳ በፊት ጨርሶ ይቀመጣል። አቶ በለጠ ራሳቸው አይተው፣ «ይህችን ቀደም ብዬ ባገኛት ኖሮ ዓይኔ አይደክምም ነበር» ብለዋል። ሦስት ቅጂ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ካርቦንም ድንቅ ነው፤ እኔ ካርቦን ስለሌለኝ ይህንን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ በእጄ ገልብጫለሁ። አንዱ ለእርስዎ መስኮት፣ አንዱ ለጣቢያው ግድግዳ፣ አንዱ ለሱቄ በር ነው። ሦስት ቅጂ የሌለው አቤቱታ አይታይም ብለው ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ስለማከብር ነው።

እንግዲህ በሥርዓቱ መሠረት ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ካርዱ።

የአቶ በለጠ መዝገብ ትልቅ፣ ባለ ጥቁር ሽፋንና በእያንዳንዱ ገጽ ግራ በኩል ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ኅዳግ የነበረው ነው። በመስመሮቹ ላይ ሒሳቡን ይጽፋሉ፤ በመስመሮቹ ውስጥ አልገባ ያለውን ሁሉ ኅዳጉ ላይ ይጽፋሉ። «የናስር ሚስት ወለደች።» «የመጋዘኑ ቁልፍ ጠፋ፤ ፍየል በላችው ተባለ፤ ኪሴ ውስጥ ተገኘ።» እንዲህ ያለ ነገር። እርስዎ እንደ መጡ መዝገቡን በካርድ ተኩት። ካርዱ በፊቱም በጀርባውም አሥራ አንድ አሥራ አንድ መስመር አለው፤ ኅዳግ የለውም። ንጹሕ ነው፤ በሣጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በአንድ ጣት ይገለበጣል። አሮጌዎቹ ስድስት መዝገቦች ደግሞ «አላስፈላጊ ወረቀት» ተብለው ከጓሮ ተጣሉና፣ አላስፈላጊ ወረቀት የሚያስፈልገው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ቃሲም ተባለ። በኪሎ ገዛኋቸው። ስኳር ስጠቀልልባቸው ከረምኩ።

እዚህ ላይ ራሴንም ልክሰስ። ከትናንት በስቲያ ማክሰኞ፣ ከዚህ በታች በምነግርዎ ምክንያት፣ ስኳር እየጠቀለልኩ በዓይኔ ያለፈ አንድ ነገር ትዝ አለኝና የቀረኝን አንድ ተኩል መዝገብ ገጽ በገጽ አገላበጥኩ። አገኘሁት። በአቶ በለጠ እጅ፣ ኅዳጉ ላይ፣ ከነሐሴ ሒሳብ ጎን እንዲህ ይላል፦ «ግመሎች ከወንዙ እጥፋት ወጡ። ሁመድ ነገረኝ። ለኃላፊው ነገርኩ። ካምፑ በመኪና ወደ መጋዘኑ ግቢ ወጣ።» የሚቀጥለው ገጽ፣ ማለትም ውሃው የመጣበት ቀን የተጻፈበት፣ የለም። ግማሽ ኪሎ ስኳር ሆኖ ሄዷል፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ከሌላ ዓመት ደግሞ ቁራጭ ቅጠል አገኘሁ፤ ላይኛው ከነቀኑ ተቀዷል፤ ታችኛው እንዲህ ይላል፦ «ውሃው ምድጃዎቹን ወሰደ። ሰው ስላልነበረ ሰው አልወሰደም።»

አቶ በለጠን ከተቀመጡበት ቀስቅሼ፣ «ግመሎቹ ከወጡ በኋላ ውሃው በስንት ቀን መጣ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ቃሲም፣ እኔ እኮ የምጽፈው ማስታወስ እንዳይኖርብኝ ነበር» አሉኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ መስኮቱ።

ቀድሞ ሰው በር ከፍቶ ገብቶ አቶ በለጠ ፊት ይቀመጥ ነበር። ዛሬ በሩ ተዘግቶ፣ ግድግዳው ተፈንቅሎ፣ የእንጀራ መሶብ እንኳ የማታስገባ መስኮት ተከፍታለች። ከውስጥ የጽሕፈት መኪናዋን ይዛ ውባንች ተቀምጣለች። ስለ ውባንች ክፉ አልናገርም፤ ጨዋ ልጅ ናት፤ ያዘዟትን ትሠራለች፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሁመድ መጣ። ሁመድን ካላወቁት፣ ከከሰም ወንዝ በኩል ግመል የሚያረባ አፋር ነው፤ የእርስዎ እርሻ ሳይተከል ጀምሮ ይህን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ነው። የአፋር ሰው ከሌላው ጋር ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየውንና የሰማውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳይጨምር ምንም ሳይቀንስ ይነግራል። በዳጉ ውስጥ ውሸት የጨመረ ሰው ዳግመኛ ሰው ፊት ቆሞ አይደመጥም። ሁመድም እንደ ልማዱ መስኮቷ ፊት ቆሞ ከውባንች ጤና፣ ከወላጆቿ፣ ከአገሯ ዝናብና ከከብቶቻቸው ጀመረ። እሷም በትዕዛዝዎ መሠረት፣ «የካርድ ቁጥርዎ ስንት ነው?» አለችው።

«የምን ቁጥር?» አላት። «ግመሌ ምልክት አላት። እኔ ስም አለኝ።»

ያም ሆኖ ነገራት። ከሰም መቅላቱን፣ ደጋው ያለማቋረጥ መዝነቡን፣ ግመሎቹ ከወንዙ እጥፋት ሁሉም መውጣታቸውን፣ ከእርሻው ሠራተኞች ካምፕ ማዶ ያሉት ሽማግሌዎች የሚቀመጡበትን ዛፍ ትተው መነሣታቸውን ነገራት። ልጅቷ፣ አላህ ይስጣት፣ ካርድ አወጣች፤ ፊቱን አየች፤ ገለበጠች፤ ጀርባውን አየች። «አባባ፣ የት ላይ ልጻፈው? ቦታ የለውም» አለች። ከኋላ የተሰለፉት መግፋት ጀመሩ። ሁመድ ወደ እኔ ሱቅ መጥቶ ሻይ ይዞ እንደ አዲስ ከጤናዬ ጀመረ።

አራት ቀን፣ ክቡር ሆይ። ሁመድ አራት ቀን ብሏል። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። የእርስዎ ካርድ የቁጥር ዓምድ ስላለው፣ ይህችን ቁጥር ቢያንስ እዚያ ያስገቡልኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ መብሻው።

ደንቡ ሲወጣ ቆሜ አንብቤዋለሁ። ንጋት ላይ ካምፑ ውስጥ ያልተገኘ ሠራተኛ ካርዱ አንድ ጊዜ ይበሳል፤ ሦስት ቀዳዳ ያለበት ካርድ ከሣጥኑ ይወጣል። ካርዱ የወጣ ሰው እርሻው ላይ የለም። አጭርና ግልጽ ነው፤ ጠያቂም አያስፈልገውም።

ልጄ ኡሙሀኒ ከባሏ ከናስርና ከሴት ልጃቸው ከዘይቱና ጋር እዚያ ካምፕ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ወንዙ እንደ ክርን በታጠፈበት ዝቅተኛ መሬት ላይ። ናስር አረም አራሚ ነው። ካርዱ ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው ዘይቱና ወባ ይዟት ወደ ጣቢያው ክሊኒክ ያመጣት ቀን ነው። ሁለተኛው የእርሻው መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ያደረበት ቀን ነው፤ ናስር መኪናውን ከሚገፉት አንዱ ነበር። መኪናው ካርድ ስለሌለው አልተበሳም።

ትናንት፣ መብሻዎ ዘይት ሲቀባ ካየሁ በኋላ፣ ስኳር ላደርስ ነው ብዬ በእርሻው መኪና ወረድኩ። እንደ ሌላው ጊዜ ዘይቱና ወደ መኪናው ሮጣ መጥታ ኪሴን ትበረብራለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መጣች፣ ግን ኪሴን አልነካችም። እጄን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችኝና፣ «አያቴ፣ እነዚያ ሰዎች የት ሄዱ?» አለችኝ። ከማዶ የነበሩት የአፋር ቤቶች የሉም። ተነቅለው፣ ተጭነው ሄደዋል። ድንጋዮቹ በክብ በክብ እንደ ተደረደሩ ቀርተዋል። አመዱ ገና ነጭ ነው። ውሻ እንኳ አልቀረም። ወንዙ ደግሞ ሙሉ አይደለም፤ ይህንን በሐቅ እመሰክራለሁ። የከበደኝ ይኸው ነው። ጸጥ ብሎ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ደጋ የሚበቅል ዛፍ ቅርንጫፍ ቀስ እያለ ይዞ ያልፋል። ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። ዘይቱና በዱላ ልትይዘው ትሞክር ነበር።

ኡሙሀኒን፣ «ልጄ፣ ዛሬውኑ ልጅቷን ይዘሽ ከእኔ ጋር ውጪ» አልኳት። ሣቀችብኝ። «አባዬ፣ አንተ ደግሞ ትቀልዳለህ» አለችኝ። ዕድሜዬን በሙሉ በሰው ስቀልድ ኖሬ፣ የማልቀልድበት ቀን ሲመጣ የሚያምነኝ አጣሁ። በወላሂ ማልኩላት። ያን ጊዜ ፊቷ ተለወጠና፣ «እኔ ብወጣ ናስርስ? ንጋት ላይ ይቆጥራሉ። ሦስተኛው ከተበሳ የት እንገባለን? ውሃው ላይመጣ ይችላል፤ ቆጣሪው ግን ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም» አለችኝ። ብቻዋን አይደለችም። ከስልሳ የማያንሱ ቤቶች አሉ፤ በየደጃፉ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነግረኝ ካርዱ ስንት ቀዳዳ እንዳለው ነው። ሁሉም ማዶውን ያያል። ሁሉም አይቶ ይገባል። ምን ያህል ሥርዓት ያለው ሕዝብ እንዳበጁ ሳይ ተደነቅኩ፤ ከመስኮትዎ ሳይነሡ፣ በሦስት ሰዓት መንገድ ርቀት፣ ሰውን በአንዲት ትንሽ ብረት ወንዝ ዳር አስረው አስቀምጠዋል። አሁን ደግሞ ድምፅ እንኳ የላትም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን የአቤቱታ ቅጽዎ ሦስት ቦታ ብቻ ስላለው እዚህ ላይ ብዕሬን እገታለሁ።

ባዶ እጄን ወቀሳ ብቻ ይዤ እንዳልመጣ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ የሚጠቅሙ ጥቂት ቀላል ማሻሻያዎችን በትሕትና አቀርባለሁ። መኪና አይገዛባቸውም። ካርዱ ዳግመኛ ሲታተም ከጎኑ ሁለት ጣት ባዶ ይተውለት፤ ሦስት አልልም፣ አቶ በለጠ ወፍራም ጣት ነበራቸው። ከመስኮቷ አጠገብ አንድ ሚስማር ይመታ፤ የካርድ ቁጥር የሌለው ሰው ያመጣው ወሬ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ እዚያ ይንጠልጠል፤ እርስዎም ማራገቢያዋን ከመክፈትዎ በፊት ሚስማሩን ይዩት። ካምፑ ላይ ደግሞ አንድ ክንድ የሚሆን የተቆረጠ የሐዲድ ብረት ይሰቀል፤ የጣቢያው ሠራተኞች ጥለውት ሣር የበቀለበት አለ፤ በድንጋይ ሲመቱት እስከ መጋዘኑ ድረስ ይሰማል። ከሒሳብ መኪናው ጋር ተደርድረው ቢታዩ ለዓይን ያስቀይሙ ይሆናል፤ አውቃለሁ።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ዛሬ፣ ሐሙስ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። የመጋዘኑ ግቢ ከፍታ ላይ ነው። ጥጡ ተጭኖ ስለሄደ መጋዘኑ ባዶ ነው፤ ትናንት በአጥሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ፤ እርግብ ብቻ ነው ያለበት። ቁልፉ ከጀርባዎ ባለው ሰሌዳ ላይ፣ ቁጥር ተለጥፎበት ተንጠልጥሏል። ያንን ቁልፍ ለሾፌሩ ይስጡት፤ መብሻውንም ለአንድ ሳምንት ሣጥን ውስጥ ያስተኙት። ውሃው ካልመጣ በእኔ ይሣቁ፤ ጣቢያው መሀል አቁመው፣ ባቡሩ ሲደርስ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ ይሣቁብኝ። ካርድ አውጥተውልኝ የፈለጉትን ያህል ይብሱት። ለእስካሁኑ ትዕግሥትዎ፣ ለንጹሑ ካርድዎ፣ ጠባብ ለሆነችው መስኮትዎና ሰው ሁሉ ራሱን ሳይሆን ካርዱን እንዲፈራ ስላስተማሩበት ጥበብዎ የአዋሽ ጣቢያ ሕዝብ ምስጋና ይድረስዎ።

እኔ ይህን ለጥፌ በስድስት ሰዓቱ መኪና እወርዳለሁ። ሱቁ ዝግ ነው፤ ስኳር የፈለገ አቶ በለጠን ይጠይቅ፣ ሲጠቀልሉ ግን ወረቀቱን አስቀድመው ያንብቡት። መልስዎን ካምፑ ውስጥ፣ በኡሙሀኒ ደጃፍ ተቀምጬ፣ ፊቴን ወደ ውሃው አዙሬ እጠብቃለሁ። ሾፌሩ ያለ ቁልፍ ከመጣም ችግር የለም፤ ናስር እንዳይበሳ እሱ ካደረበት እኔም አድራለሁ። በካርድ ብዛት ስንት እንደሆንን ከፈለጉ ስልሳ ቤት፤ ኅዳግ ላይ ከፈለጉን ግን እኔ፣ ልጄና ኪሴን መበርበር የተወች ዘይቱና።

ከመስኮትዎ ውጭ ዘወትር ቆሞ የሚያከብርዎ፣ የካርድ ቁጥር የሌለው፣ ሻይ አፍይው

ቃሲም

ማስታወሻ፤ መብሻው ዘይት ተቀብቷል፤ ፍየሏም ነበረች። ከጻፍኩት ሁሉ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁመድ አራት ቀን አላለም። እርስዎ ቁጥር የሌለበትን ነገር እንደማያነቡ ስለማውቅ፣ ቀኑ የተጻፈበትን ገጽም በስኳር ስለ ሸጥኩት፣ ከራሴ ጨመርኩ። ሁመድ ይህን ግድግዳ ላይ የሚያነብለት ካገኘ ዳግመኛ ዳጉ አይነግረኝም፤ እውነትም አለው። እኔማ ጠይቄው ነበር፤ «ስንት ቀን አለን?» ብዬ። ሻዩን አስቀመጠና አየኝ። «ልጅህ እዚያ አይደለችም እንዴ?» አለኝ። «ታዲያ ምን ተቀምጠህ ትቆጥራለህ?»